የጨው ሒሳብ

እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ የጨርቅ አቅላሚዎች ማኅበር፤
ሥራዬ ቃለ ጉባኤ ነው፣ ማን ምን አለ ብሎ ማስፈር።
ከተማችን ደቡብ ሕንድ ናት፤ ቀይ አፈር ላይ የተነጠፈች፣
ዓይታው ለማታውቀው ሕፃን ካናቴራ ስትሰፋ ያረጀች።

ወንዛችንም መልክ ነበረው፤ መልኩን ግን ከኛ ይዋሳል፤
ሰኞ ደም፣ ማክሰኞ ወይን ጠጅ፣ ዓርብ ዓርብ ጥቁር ይለብሳል።
የከርሞን ፋሽን ለማወቅ መጽሔት መግዛት አላሻንም፣
ድልድዩ ላይ ቆመን አየን፤ ውሃው አላሳሳተንም።

ከታች ያሉ ገበሬዎች በየዓመቱ ይመጣሉ፣
አናቱ የተቀጠፈ ኮኮናት በእጃቸው አየር ላይ ይሥላሉ።
ሻይ እናጠጣቸዋለን፣ ወንበር እንስብላቸዋለን፣
«አቤቱታችሁ ተሰምቷል» ብለን፣ እስከ በሩ እንሸኛቸዋለን።

ያን ቀን አጀንዳው አንድ ነበር፦ የጋራ ማጣሪያ ይተከል ወይ?
ቼላሙቱ ብድግ አለ፣ ጣቱን ቀስሮ ወደ ሰማይ፦
«ወንዝ ደንበኛ ነው እንዴ? መቼ ትእዛዝ ልኮልን ያውቃል?
ለሱ ብለን ብንበደር፣ ባንክ መጥቶ ማንን ያንቃል?»
ጭብጨባው ጣራ ነካ። የኔም እጅ ነበረበት፤
ድርሻ አለኝ በአንድ ማቅለሚያ፣ ልጆቼን የማሳድግበት።

ያኔ ተንሞሊ ተነሣች፣ የሒሳብ ሠራተኛችን፤
አባቷ ከነዚያ አንዱ ነው፣ ከሻይ ጠጪዎቻችን።
አላለቀሰችም። ስለ ዓሣ፣ ስለ ልጅ ልጅም አላወራች፤
መዝገቡን ገልጣ፣ መነጽሯን አስተካክላ፣ እንዲህ ብላ ጠየቀች፦
«በሳምንት አራት መቶ ጆንያ ጨው፣ ቀለም እንዲይዝ እንገዛለን፤
ካናቴራው ላይ የለም ጨው። ታዲያ የት እንጥለዋለን?»

ሳህን አኖረች ከጠረጴዛው፤ ሳህኑ ላይ ግራጫ ቅርፊት፣
ከወንዙ አንድ ባልዲ ቀድታ፣ ስታፈላው ያደረች ሌሊት።
«ቅመሱት» አለች።
ማራገቢያው ብቻ ይዞራል።

ቼላሙቱ ጣቱን ነከረ፤ ላሰና ፊቱን አጨማደደ፣
እንትፍ ሊል ወደ መስኮት ሄዶ፣ መንገድ ላይ ሐሳቡ ሄደ።
ተመለሰ። «ጨዉ የኔ ነው» አለ፣ እንደ ተዘረፈ ሰው፣
«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! ስንት ሩፒ ነው የፈሰሰው?»

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚባለው ደረሰ ያን ቀን፤
ለወንዙ ብለን አይደለም፣ ለራሳችን ስንል ጣፈጥን።
እጅ ወጣ፦ ሠላሳ አንድ ድጋፍ፣ ሁለት ተቃውሞ፣ አንድ የተኛ።
«ፍቅር» የሚል ቃል አልተነሣም፤ ቃለ ጉባኤው ምስክር ነው ለኛ።

አሁን አራተኛ ዓመታችን ነው። ማጣሪያው ቀን ከሌት ያጓራል፤
ውሃው ከጋን ወደ ቱቦ፣ ከቱቦ ወደ ጋን ይዞራል።
ጨዉም ነጭ ሆኖ ይመለሳል፣ ጆንያው ቁጥር ተለጥፎበት፤
ከሐምቡርግ የመጣ ገዢ ፎቶ ይነሣል ተደግፎበት።
ቼላሙቱ ሊቀ መንበር ሆኗል፤ በየከተማው ንግግር ያደርጋል፤
«አረንጓዴነት ትርፍ ነው!» ይላል። ሳህኑን ግን ይዘነጋል።
ለተንሞሊ ደመወዝ ተጨመረ፤ ወንበሯም ቀረበ ከመሐል፤
ድምፅ የመስጠቷ ጉዳይ ግን ለሚቀጥለው ተቀጥሯል።

ኮኮናቱስ? ኮኮናት ቂም ያውቃል፤ አፈሩ ጨዉን አልረሳም።
አባቷ አንድ ችግኝ ተክሏል፤ አልደረቀም፣ ግን አልተነሣም።
ከማጣሪያው ጀርባ ደግሞ ጭቃ አለ፣ በጆንያ ተከምሮ፣
ገዢ የሌለው፣ ስም የሌለው፣ የየዓመቱን ቀለም አሳድሮ።
ስለሱ ስናወራ ድምፃችን ዝቅ ይላል።

ትናንት ማታ መዝገብ ስዘጋ አዲስ ዓምድ አየሁ፣ በእርሳስ የተሰመረ፤
በእጇ ጽሑፍ «የወንዙ ዕዳ» ይላል፤ ከሥሩ አንድም ቁጥር አልሰፈረ።
ላጲስ አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።
እኔ የተባለውን ነው የምጽፈው፤
ይህን ግን በስብሰባ ማንም ገና አላለውም።
ገጹን ክፍት እንደ ሆነ አሳደርኩት።